ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ሹፌሩ፦ ነገሩን አናርዝመው። መኪናው ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ጭኜ ዳገት ስጀምር ግን ጉልበቱ ይጠፋል። ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውን አሁን በሁለተኛ፣ በሁለተኛ የሚወጣውን በአንደኛ እየተንፏቀቀ ነው። ሞተሩ አልቋል። የቡናው መኸር ሳይገባ ይውረድና ይታደስ።

መካኒኩ፦ ጋሼ፣ ሞተሩ አልቋል ያሉት ምኑን አይተው ነው?

ሹፌሩ፦ ዕድሜውን። የድሮው አይሱዙ ኤፍ.ኤስ.አር. ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው። ከእኔ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈ ሊብሬው ይመሰክራል።

መካኒኩ፦ ዕድሜ ያስጠረጥራል፤ አያስፈርድም። ዘይት ይበላል?

ሹፌሩ፦ ከለውጥ እስከ ለውጥ ትንሽ እጨምርበታለሁ። ያን ያህል የሚያስወራ አይደለም።

መካኒኩ፦ ጠዋትስ?

ሹፌሩ፦ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ደጋው ላይ፣ ቡሌ አድሮም ይነሳል፤ ብርዱን ታውቀዋለህ።

መካኒኩ፦ ታዲያ ይኼ ቀላል ምስክር ነው? ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ሲጨቁነው በሚፈጠረው ሙቀት ነው ናፍጣው የሚቀጣጠለው። ፋሻና ካሚቻው አልቆ አየር የሚያሾልክ ሞተር መጀመሪያ የሚያምፀው በብርድ ጠዋት ነው። የእርስዎ መኪና ሌሊቱን ቡሌ አድሮ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ከተነሳ፣ «አልቋል» ለማለት እኔ ሌላ ማስረጃ እፈልጋለሁ።

ሹፌሩ፦ ማስረጃው ዳገቱ ነው። ጤነኛ ሞተር ሜዳ ላይ ሮጦ ዳገት ላይ አይሞትም።

መካኒኩ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ለሞተር ፈተና አይሆንም። ሒሳቡን ልንገርዎት። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ደህና አስፋልት ላይ፣ ሜዳ ለሜዳ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 17 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃዋል። ያው መኪና በዚያው ፍጥነት፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚነሳ ዳገት ሲገጥመው፣ ጎማው ላይ 105 የፈረስ ጉልበት መድረስ አለበት። ስድስት እጥፍ ነው። እንግዲህ ሞተሩ የጉልበቱን ግማሽ ቢያጣ፣ ሜዳ ላይ ማን ያውቅበታል? ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራማ ጭራሽ አይታወቅም። ችግሩ ዛሬ የጀመረ መስሎዎት ይሆናል፤ ምናልባት ከክረምት በፊት ጀምሮ አብሮዎት ሲሄድ ነበር።

ሹፌሩ፦ ግማሹን አጥቷል ካልክ ደግሞ የእኔኑ ነገር ነው የደገምክልኝ። የጉልበቱን ግማሽ ያጣ ሞተር ካልወረደ ምን ሊወርድ ነው?

መካኒኩ፦ ጉልበት ማጣቱና ሞተሩ ማለቁ ለየቅል ናቸው። ጉልበት በሦስት ነገር ይመጣል፦ በቂ ናፍጣ፣ በቂ አየር፣ አየሩን አጥብቆ የሚጨቁን ሲሊንደር። ሞተር ማውረድ የሚያድነው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ደግሞ ጉልበቱ በደንብ ተፈጥሮ ጎማው ጋ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ፍሪሲዮን ሲንሸራተት፣ ፍሬን ሲይዝ።

ሹፌሩ፦ ፍሪሲዮን አይደለም። ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም ነበር፤ የኔው የሞተሩ ዙር ራሱ ነው እየወረደ የሚመጣው። ታምቡሮቹንም ዳገቱን እንደጨረስኩ አንድ በአንድ ዳስሻለሁ፤ ተለይቶ የጋለ የለም። ይኼን የሚነግረኝ አያስፈልገኝም፤ እኔ መንገድ የጀመርኩት በድሮው የጭነት መኪና፣ በኤንትሬ ነው።

መካኒኩ፦ እሱን አልጠራጠርም። እንግዲያው ጭሱን ይንገሩኝ። ጉልበቱ ሲጠፋ፣ እግርዎ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ እያለ፣ በማርሚታው ምን ይወጣል?

ሹፌሩ፦ ምንም። ከወትሮውም ያነሰ።

መካኒኩ፦ ይኼን ቃል ይያዙልኝ። ናፍጣ እየገባ አየር ቢያጥረው ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። ናፍጣው ገብቶ ኮምፕረሽን አጥቶ ሳይቃጠል ቢቀር ነጣ ያለ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይኖረው ነበር። ዘይት እየሾለከ ቢቃጠል ሰማያዊ ይሆን ነበር። ጭስም የለም፣ ጉልበትም የለም ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠል በቂ ናፍጣ አልገባም ማለት ነው። ሞተሩ ተርቧል።

ሹፌሩ፦ የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሬያለሁ። አዲስ ነው።

መካኒኩ፦ ፊልትሮው ከሰልባትዮ እስከ ሞተር ባለው መንገድ ላይ አንዱ ኬላ ነው። ከእሱ በፊት ሌሎች አሉ። ከሰልባትዮው የሚስበው ቱቦ ጫፍ አለ። መመገቢያዋ ፓምፓ መግቢያ ላይ፣ ቡሎኗ ውስጥ የተደበቀች ጣት የማትሞላ ወንፊት አለች፤ ስንቱ መካኒክ መኖሯን ሳያውቅ ፊልትሮ ሲቀያይር ይኖራል። የሰልባትዮው ክዳን ራሱ አየር ማስገባት አለበት፤ ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ ናፍጣው በጎደለ ቁጥር ውስጡ አየር እያጣ ፓምፓው መምጠጥ ያቅተዋል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጉልበቱ ሲጠፋ ዳር ይዘው አጥፍተው ያውቃሉ?

ሹፌሩ፦ አውቃለሁ። ረዳቱ ታኮ አድርጎ፣ አሥር ደቂቃ ያህል አሳርፈዋለሁ። ሲነሳ ደህና ይሆናል፤ ትንሽ ይስብና መልሶ ያው ነው።

መካኒኩ፦ ያለቀ ፋሻ በአሥር ደቂቃ ዕረፍት አይድንም።

ሹፌሩ፦ ሞተሩ ስለቀዘቀዘ ነዋ።

መካኒኩ፦ ሙቀት መለኪያው ቀይ ይገባል?

ሹፌሩ፦ አይገባም።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ቀዝቅዞ አይደለም። በጉዞ ላይ ቱቦው አፍ ላይ ተመጥጦ የተጣበቀ ነገር ሞተሩ ሲጠፋ መምጠጡ ስለሚቆም ይለቅና ወደ ታች ይወርዳል። ሲነሳ መንገዱ ክፍት ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። ላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፣ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው ናፍጣ ጥቂት ስለሆነ በጠበበው ቀዳዳ በኩል ይደርሰዋል። ዳገት ላይ ብዙ ሲፈልግ ያጣል። ማደያ ናፍጣ ሲጠፋ ከየት ነው የሚቀዱት?

ሹፌሩ፦ ከየት ይሆናል፤ በጄሪካን ከሚሸጡት። ተሰልፌ ሁለት ቀን ልደር? እዚህ መሥመር ላይ የማይቀዳ ካለ አሳየኝ።

መካኒኩ፦ አልወቀስኩዎትም። ግን የጄሪካን ናፍጣ ውኃም ቆሻሻም ይዞ እንደሚመጣ፣ አንዳንዱም የክዳን ማጥበቂያ ላስቲኩን ይዞ ሰልባትዮ ውስጥ እንደሚገባ እናውቃለን።

ሹፌሩ፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልህና መልስህን ልስማ። ጭስ የለውም ያልኩህ የታችኛው ዳገት ላይ ነው። ላይ ስደርስ፣ ቡሌ ስቃረብ፣ ጥቁር ያጨሳል። ጉልበት የለውም፣ ጭስ ግን አለው። አሁንስ?

መካኒኩ፦ አሁን ሁለት ነገር እናያለን። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቡሌ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ዲላ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ቡሌ ላይ ሩብ ያህሉ ጎድሏል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ እየሰጠ ነው የሚወጣው። አዲስ ከፋብሪካ የወጣ ቢሆንም። ስለዚህ ከዲላ ቡሌ ድረስ አሥር በመቶ ያህሉን ማንም አልወሰደብዎትም፤ ተራራው ነው የወሰደው። ፓምፓው ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የሚያገኘውን ናፍጣ በልኩ ይረጫል። አየሩ ሲያንስ ያ ልክ ይበዛና ይጠቁራል። ሁለተኛው ደግሞ አየር ፊልትሮው ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተው ቀበሌ ለቀበሌ እሸት ቡና ሲሰበስቡ ያ ቀይ አፈር የት የሚገባ ይመስልዎታል?

ሹፌሩ፦ በየሳምንቱ በኮምፕረሰር አስነፋዋለሁ።

መካኒኩ፦ የወረቀት ፊልትሮ በኃይለኛ አየር ሲነፋ ይቀደዳል፤ ካልተቀደደም የደቀቀው አቧራ ወረቀቱ ውስጥ ጠልቆ ይቀራል። ንጹሕ ይመስላል፣ አይተነፍስም። የተቀደደው ደግሞ ይብሳል፤ አፈሩን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚያስገባው። ያኔ እርስዎ የሚሉት የፋሻ ማለቅ በእውነት ይመጣል።

ሹፌሩ፦ እንግዲህ ስማኝ፣ ልጄ። አንተ ለሁሉም መልስ አለህ። ጭስ ሲጠፋ ናፍጣ አጥሮት ነው ትላለህ። ጭስ ሲመጣ አየር አጥሮት ነው ትላለህ። ሲያርፍ ቢነሳ ላስቲክ ነው፤ ላይ ሲደርስ ቢደክም ተራራው ነው። ሞተሩን ጥፋተኛ የሚያደርገው ምን ሲታይ ነው? ምንም ቢታይ ሞተሩ ነጻ የሚወጣ ከሆነ፣ ያንተም ነገር ከእኔ «አልቋል» በምን ተሻለ?

መካኒኩ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም መለካት ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መጨመሪያ ክዳኑን እንከፍታለን። ከውስጥ በኃይል እየተነፋ፣ እየተግተለተለ የሚወጣ ጭስ ካለ ፋሻው ያሾልካል። ሁለተኛ፣ ኖዝሎቹን አውልቀን በማኖሜትር የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን እንለካለን። አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ፣ ወይም ስድስቱም ተያይዘው ከወረዱ፣ ሞተሩ ጥፋተኛ ነው፤ አልከላከልለትም። ከዚያ በፊት የቫልቩ ክፍተት በልኩ መሆኑ መታየት አለበት፤ ክፍተት አጥቶ የማይዘጋ ቫልቭም ኮምፕረሽን ስለሚያወርድ። በነገራችን ላይ ስለ መለኪያው አንድ ነገር ይወቁ። መጽሐፉ ላይ 30 ባር ተብሎ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚለካ ነው። እዚህ ዲላ ላይ ያው ጤነኛ ሞተር 25 ገደማ ነው የሚያሳየው፤ የሚጨቁነው አየር ከመነሻው ስስ ነዋ። ይኼን የማያውቅ መካኒክ ደህናውን ሞተር «በመለኪያ አረጋግጬ» ብሎ ያወርደዋል።

ሹፌሩ፦ ሌላ አጭር መንገድ አለኮ። ፓምፓውን ከፍ ማስደረግ። ይርጋ ጨፌ ያለ ጓደኛዬ ቪቴውን አስዙሮ ሁለት መኸር ሠርቶበታል። ዳገቱን እንደ ጉድ ነው የሚወጣው።

መካኒኩ፦ ጥቁር እያጨሰ።

ሹፌሩ፦ ቢያጨስ ምን አለበት፤ ይስባላ።

መካኒኩ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ግን እለምንዎታለሁ። አየር ላጠረው ሞተር ናፍጣ መጨመር ሙቀት መጨመር ነው። ዳገት ላይ ለረጅም ጊዜ ተረግጦ ሲሄድ ያ ሙቀት የፒስቶኑን ራስ ያቀልጣል፣ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ናፍጣ ለማይደርሰው ሞተር ደግሞ ቪቴውን ማዞር ከንቱ ነው፤ የሌለውን ከየት ያመጣል? ዛሬ ቪቴውን አዙረን ነገ ላስቲኩን ብናገኝስ? ሞተሩ በድንገት ከሚገባው በላይ መጠጣት ይጀምራል፤ ቪቴውም የነበረበትን ቦታ ማንም አያስታውስም። የፋብሪካውን ማኅተም በጥሶ የሚዞር ቪቴ የሚመለሰው ፓምፓ ቤት በመለኪያ ብቻ ነው።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ ፓምፓውን እንተወው። ወደ ሥራው እንምጣ። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት መጓጓዝ ይጀመራል። እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ይበላሻል፤ አቅራቢው ዋጋውን ያጣል፣ እኔ ሥራዬን አጣለሁ። ቡናው ተልኮ ዲላ ምርት ገበያ ቅርንጫፍ ሲቀምሱት የሸተተ እሸት ጣዕሙ ውስጥ ይገኛል። አንተ «ዛሬ ቱቦ እንይ፣ ነገ ወንፊት እንይ፣ ከነገ ወዲያ እንለካ» ስትል ሳምንት ይሄዳል። ሞተሩ ከወረደ ግን ቀኑ ይታወቃል። በዚህ ቀን ይገባል፣ በዚህ ቀን ይወጣል። ለሠራተኛ ሰው የሚታወቅ ቀን ራሱ ገንዘብ ነው።

መካኒኩ፦ የሚታወቀው የመግቢያው ቀን ነው። የወረደ ሞተር የሚወጣበትን ቀን የሚያውቅ ጋራዥ እኔ አላየሁም። ፋሻው አዲስ አበባ ይፈለጋል፤ ልኩ ሳይሆን ይመጣል፣ ይመለሳል። ካሚቻው ሌላ ቦታ ይጫናል። ጓርኒሲዮን ይጠፋል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የእኛ ጋራዥ ወለሉ አፈር ነው። ተከፍቶ የማያውቅ ሞተር አቧራ ውስጥ ተከፍቶ፣ ቡሎኑ በስሜት ጠብቆ ሲዘጋ፣ እንደ ነበረው ሆኖ የሚመለሰው ስንቱ ነው?

ሹፌሩ፦ የራስህን ሥራ እያንቋሸሽክ ነው። ሞተር ብታወርድልኝ የምከፍልህ ይበልጣል። ለምን ከገንዘብ ትሸሻለህ?

መካኒኩ፦ ሥራዬን ስለምወደው ነው። ሞተር ማውረድ የሚገባው ሞተር አለ፤ ያንን ሳወርድ አላፍርም። የሚያሳፍረኝ ሳልመረምር ማውረድ ነው። ደግሞ «ይውረድ» የሚለው ምክር አንድ ከባድ ችግር አለው፤ መቼም ስሕተት ሆኖ አይገኝም። ሞተር ሲወርድ የናፍጣ ፊልትሮውም ይቀየራል፣ አየር ፊልትሮውም፣ ኖዝሉም ይፈተሻል፣ ቱቦዎቹ ተፈትተው ይነፋሉ፣ ቫልቩ ይስተካከላል። መኪናው ሲድን ሁሉም ሰው «ሞተሩ አልቆ ነበር» ይላል። ያዳነው ግን የጥቂት ብር ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። ማን ያውቃል? ሁሉም ነገር በአንዴ ስለተነካ ምስክሩ ጠፍቷል። እንዲህ ስንት ደህና ሞተር በዚህ አገር በከንቱ እንደተበጠሰ ባስብ ያመኛል።

ሹፌሩ፦ ማን እንዳዳነው ማወቅ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል? እኔ የምፈልገው መዳኑን ነው።

መካኒኩ፦ ይመለስብዎታላ! ሞተር ሲወርድ ሰልባትዮ አይወርድም። ላስቲኩ እዚያው ነው። በአዲስ ፋሻ፣ በብድር ገንዘብ፣ ያንኑ ዳገት በአንደኛ ማርሽ ይወጡታል። ያን ቀን ምን ይላሉ?

ሹፌሩ፦ ያን ቀን አንተን እፈልጋለሁ። ግን አሁን እኔም አንድ የምልህ አለ፤ ይኼንን መልስልኝ። ላስቲኩን አገኘህ እንበል። መኪናው ሳበ፣ ደስ አለን፣ ሞተሩን ተውነው። ትንሹን ችግር ማግኘትህ ትልቁ የለም ማለት ነው? አሮጌ መኪና አንድ በሽታ ብቻ ይዞ አይመጣም። ፋሻውም ግማሽ አልቆ፣ ናፍጣውም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። አንተ አንዱን ስትከፍትለት ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፤ ያን ጊዜ ነው የደከመው ጎኑ የሚሰበረው። የት? ከጌዴብ እሸት ጭኜ ስመለስ፣ በሌሊት። እዚህ ወርዶ ቢሆን ኪሳራው የታወቀ ነበር።

መካኒኩ፦ ይኼ ከተናገሩት ሁሉ የከበደው ነው፤ ልክ ነዎት። ሁለት በሽታ አንድ ላይ ይኖራል። ለዚህ ነው ላስቲኩ ተገኝቶ መኪናው ቢድንም ኮምፕረሽኑ ይለካ የምለው። ይለካና ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ስድስቱም ቁጥር፣ ከነቀኑ። ከመኸር በኋላ እንደገና ይለካ። የወረደው ቁጥር መቼ መውረድ እንደጀመረ ያን ጊዜ እናውቃለን። አሁን ባለው ሁኔታ ያለቀውንም ያላለቀውንም በጆሮ ነው የምንፈርደው።

ሹፌሩ፦ ደህና ሆኖ የተለካ ሞተርም መንገድ ላይ ይቆማል። ቁጥር ዋስ አይሆነኝም።

መካኒኩ፦ አይሆንም። የታደሰውም አይሆንም።

ሹፌሩ፦ እሱስ እውነት ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሜዳ ፈተና አይሆንም ካልክ «ዳገት ላይ እንፈትሸው» ልትለኝ ነው። ጭነት ይዞ፣ ሊሞት የሚችል ሞተር ይዤ የቡሌን ዳገት? ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ ምን በደለ? ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ቆሞ ሳለ እጅ ፍሬኑ ቢለቅ ወደ ኋላ ነው። በአንድ ፊልትሮ ምርመራ ምክንያት ሰው ቢሞት ያንተ ቁጥር ምን ይመልሳል?

መካኒኩ፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ሙሉ ጭነት አያስፈልግም፤ በግማሽ ጭነት አንድ ማርሽ ከፍ አድርጎ መርገጥ ሞተሩን ያው ያስጨንቀዋል። ማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ። አስቀድሞ ፍሬኑና እጅ ፍሬኑ ይታያል፤ እሱ ካልተስተካከለ ከዚህ ጊቢ አይወጣም። ረዳቱ ታኮ ይዞ አብሮ ይሄዳል። ግን ያለ ዳገት ይህ በሽታ አይታይም። ጊቢ ውስጥ ቆሞ ነዳጅ ሲሰጡት የሚጮኸው ጩኸት ምንም አይነግረንም፤ ሸክም የለውማ።

ሹፌሩ፦ ዳገቱ ላይ ምን ልታይ ነው?

መካኒኩ፦ መጀመሪያ ሰልባትዮውን ከመንገዱ እናወጣዋለን። ንጹሕ ጄሪካን ውስጥ የተጣራ ናፍጣ እንሞላና ከጋቢናው ጀርባ፣ ከሞተሩ ከፍ አድርገን፣ ከጭስ መውጫው አርቀን አጥብቀን እናስረዋለን። መመገቢያዋ ፓምፓ ከሰልባትዮ መሳቧን ትታ ከጄሪካኑ ትስባለች፤ የሚመለሰውም ናፍጣ ወደ ጄሪካኑ እንዲመለስ ቱቦው ይዛወራል። እሱ ከተረሳ ጄሪካኑ ቶሎ ያልቃል። ቱቦው ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይሁን፤ አየር ከገባ አረፋው ይታየናል። በዚህ ከወጡና መኪናው እንደ ድሮው በሦስተኛ ከሳበ፣ ጥፋተኛው ከጄሪካኑ ወደ ኋላ ነው፤ ሰልባትዮ፣ ቱቦ፣ ክዳን። ሞተሩ ነጻ ነው።

ሹፌሩ፦ ባይስብስ?

መካኒኩ፦ ወንፊቷንና አየር ፊልትሮውን እናያለን። ከዚያ አንድ የምትረሳ ነገር አለች። ከቡሌ ሲወርዱ የሞተር ፍሬኑን ይጠቀማሉ አይደል?

ሹፌሩ፦ ያለሱ ከቡሌ ማን ይወርዳል? ታምቡሩ ይቃጠላል።

መካኒኩ፦ ያ ፍሬን የሚሠራው በጭስ መውጫው ላይ ያለችው ላሜራ ተዘግታ ጭሱን ስታፍን ነው። ጥላሸት ይዟት ሙሉ በሙሉ ሳትከፈት ብትቀር፣ ሲወጡም እየወረዱ ነው ማለት ነው። በሚኒሞ ጭሱ ጥቂት ስለሆነ ምንም አይታይም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ የራሱን ጭስ መተንፈስ ያቅተዋል፣ ይጠቁራል። ክንዷን በእጅ አነቃንቆ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሹፌሩ፦ ይቺን አላሰብኳትም ነበር። ላይ ስደርስ የሚያጨሰው በእሷ ይሆን?

መካኒኩ፦ ይሆናል፤ ሳላይ አልናገርም። ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ የምለፋው ለአንድ መኪና ብዬ እንዳይመስልዎት። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት በዕድሜው ልክ ከባድ ኤክሳይዝ ይከፈልበታል፤ አዲሱን የሚገዛ ደግሞ እዚህ ስንት ሰው ነው? እነዚህ አሮጌ አይሱዙዎች ገና ብዙ ዘመን ይሠራሉ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያደነቀው ያንን ቁልቁለት ነው፤ እንሰቱና ቡናው ከዛፉ ጥላ ሥር ተዳፋቱን ይዞ የቆመበትን። ያንን ቡና ከዚያ ቁልቁለት የሚያወጣው ይኼው መኪና ነው። በየዓመቱ ያለ ምክንያት ከተበጠሰ የሚጎዳው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ እሸቱን ይዞ መንገድ ዳር የሚጠብቀው ገበሬም አለ።

ሹፌሩ፦ ገበሬውን እኔም አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። እሱም ቢሆን የሚፈልገው የማይቆም መኪና ነው። አሁንም ልቤ ሞተሩ ላይ ነው። አንተ ያየኸው ምልክት እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔም በመሪው፣ በእግሬ የማውቀው ድካም አለ። ያ ድካም ከላስቲኩ በፊትም የነበረ ይመስለኛል።

መካኒኩ፦ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ያንን ካሳየ እኔ ራሴ አወርደዋለሁ፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግም።

ሹፌሩ፦ ስንት ቀን ትፈልጋለህ?

መካኒኩ፦ ፍሬኑን ዛሬ እናያለን፤ ነገ ማለዳ ጄሪካኑን አስረን እንወጣለን። ከሰዓት በኋላ ኖዝሎቹን አውልቀን እንለካለን። ከነገ ወዲያ ማታ መልሱ ይኖርዎታል።

ሹፌሩ፦ እንግዲያው እንዲህ ይሁን። በጄሪካኑ በሦስተኛ ከወጣ ሰልባትዮው ይወርዳል፣ ይታጠባል፤ ኮምፕረሽኑም ይጻፍ። አንዱ ሲሊንደር ካነሰ ሞተሩ ይወርዳል፣ ቃል አትጨምርም። ሰልባትዮውም ኮምፕረሽኑም ደህና ሆነው መኪናው ካልሳበ ፓምፓው ተፈትቶ ሀዋሳ ፓምፓ ቤት ይሂድ። ከነገ ወዲያ በኋላ ግን ክርክር የለም፤ መኸሩ ደርሷል።